ብረቱ አይሞትም

ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ሁሉ አዘዘን ያውቀዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጎማው ተንፍሶበት የማያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። ሱቁ ሱቅ ከተባለ ሁለት ቆርቆሮና አንድ ፀሐይ ያነጣው ጃንጥላ ነው። ከጃንጥላው ሥር የተበሳ የውስጥ ጎማ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚጠብቅ ቀጭን ሽማግሌ ካያችሁ እሱ ነው። ከሩቅ ሲታይ ዝምተኛ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ደግሞ ይብሳል። ሰፈሩ ይህን ዝምታ ሳይተረጉም አላደረም። አንዱ «ሚስቱ ናት እየተናገረችለት ያስለመደችው» ይላል። ሌላው «በወጣትነቱ ብስክሌት ሲጋልብ አፉን ከፍቶ ብዙ ንፋስ ውጧል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ንፋስ እንጂ ወሬ አይደለም» ይላል። ከጎኑ የብስክሌት መለዋወጫ የሚሸጠው መስዑድ ግን ሲያማው እንኳ በፍቅር ነውና፣ «አዘዘ ያለችው አንዲት ወሬ ናት፤ እሷንም ለክፉ ቀን አስቀምጧታል» ይል ነበር።

መስዑድ ለቀልድ ብሎ እውነቱን ተናገረ። አዘዘ ያለችው አንዲት ወሬ የሀዲስ ወሬ ነበረች።

ዛሬ ቢናገሩት የሚያምን ባይገኝም፣ አዘዘ በጎረምሳነቱ የከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብስክሌት ቡድን አባል ነበር። እሑድ እሑድ ከተማው በዘንባባዎቹ ሥር ተሰልፎ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ለቡድን ጓደኛው ለሀዲስ ነበር፤ አዘዘም በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ትንሽ ትንሽ ይደርሰው ነበር። የአዘዘ ሥራ ንፋስ መከለል ነው። ከፊት ሆኖ ንፋሱን በደረቱ ይሰነጥቃል፤ ሀዲስ ከጀርባው ተለጥፎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ከተማው ሲቃረብ አዘዘ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፤ ሀዲስ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ያልፈዋል። ዋንጫው የሀዲስ፣ ሳሉ የአዘዘ። «ሞኝ ነው» የሚሉት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን ሀዲስ በጎኑ ሲያልፍ «በርታ!» ብሎ የሚጮኽባትን ያችን ቅጽበት በዋንጫ አይለውጣትም ነበር።

ከዱርቤቴ እስከ ባሕር ዳር በተደረገው ውድድርም አዘዘ ፈቀቅ አለ፤ ሀዲስም አለፈው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እህል የተጫነች አህያ ከመንገዱ ዳር ድንገት ወጣች። ሀዲስ እሷን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘ፤ ወደቀ። አህያዋ ተረፈች። አዘዘ ብስክሌቱን ጥሎ ደረሰና ጓደኛውን አቀፈው፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ በጎናቸው አለፉ። ሀዲስ እዚያው አዘዘ ክንድ ላይ አረፈ።

የሀዲስ እናት ያኔ ገና አልመነኮሱም። ሱባኤ ግን ይወዱ ነበርና በዚያ ሳምንት ጣና ላይ ካለች አንዲት ደሴት ገዳም ገብተው ነበር። ስልክ የለ፤ ጀልባው ደግሞ በፈቀደው ቀን የሚመጣ። ሬሳ ጀልባ አይጠብቅም። እሳቸው ሐይቁን ተሻግረው ከከተማው ዳር ሰባታሚት ካለው ቤታቸው ሲደርሱ ልጃቸው ተቀብሮ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር።

እንዲህ ሲሆን የአገሩ ወግ የታወቀ ነው። የሟቹ ልብስና ዕቃ መሐል ላይ ይዘረጋል፤ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፤ ሙሾ ይወርዳል፤ እናት በልጇ ልብስ ላይ ወድቃ እርሟን ታወጣለች። እርሙን ያላወጣ ሰው ሐዘኑ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል ይባላል። ታዲያ ለሀዲስ ምን ይዘርጉለት? ማልያውንና ብስክሌቱን የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት «የመንግሥት ንብረት ነው» ብሎ በቀብሩ ማግስት ወስዷቸዋል። ፎቶ ቢፈለግ፣ ቡድኑ አንድ ላይ በተነሣው ብቸኛ ፎቶ ላይ ሀዲስ ጎንበስ ብሎ የብስክሌቱን ካቴና ያስተካክል ነበርና የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። የተገኘው የትምህርት ቤት ሱሪው ሆነ። ዘረጉት። እናቱ ሱሪውን አዩት፤ አነሡት፤ ወደ ላይ ይዘው ለኩት።

«ይኼ የሀዲስ አይደለም» አሉ። «ሀዲስ ከዚህ ረዝሟል።»

አጥፈው አስቀመጡት። አንዲት እንባ ጠብ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ዘመን አለፈ። ቆብ ደፍተው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ተባሉ፤ ዓይናቸውም ደከመ። በሰው ለቅሶ ላይ ደረቅ ዓይን ይዘው ስለሚቀመጡ ምላሰኛው ሁሉ «የእማሆይ እንባ ደሴቱ ላይ ቀርታለች» እያለ ያማቸው ነበር። አዘዘ በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ ይጎበኛቸዋል። ስለ ዝናብ፣ ስለ እሸት፣ ስለ ባጃጅ መብዛት ያወራሉ። ስለ ሀዲስ አያወሩም። አንዳንዴ ብቻ እማሆይ በሩ በሩን እያዩ፣

«አንዲት ጊዜ ሲወድቅ ባየሁት ይወጣልኝ ነበር» ይላሉ። «በወሬ አይለቀስማ።»

አዘዘ ይህችን ቃል እየሰማ አረጀ።

በቅርቡ ነው፣ ሊድያ የምትባል ፊልም ጸሐፊ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ የተከራየችው ብስክሌት ተንፍሶባት ጃንጥላው ሥር የተቀመጠችው። ስለ ስፖርተኛ ፊልም ልትጽፍ ታሪክ እየፈለገች ነበር። አዘዘ ጎማዋን እየለጠፈ፣ ምን እንደገፋፋው እንጃ፣ ያችን ለክፉ ቀን ያስቀመጣትን ወሬ አወጣት። መስዑድ በኋላ ሲያወራ፣ «ሱቄን ጥዬ ነው የሰማሁት፤ ደንበኛ ሄደብኝ፤ አልቆጨኝም» ብሏል። ሊድያ እንባዋን ስትጠርግ ጎማው ተለጥፎ ደርቆ ነበር።

«ጋሽ አዘዘ፣ ይኼን ፊልም እሠራዋለሁ» አለች። «አንድም ነገር አልቀይርም።»

ልጅቷ ውሸታም አልነበረችም። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ግን ሌላ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ «ብረቱ ከሌለበት ማን ያየዋል?» አለ።

ብረቱ ማለት ሕዝቅኤል ነው። እናቱ ሕዝቅኤል አለችው፤ አገሩ ግን በየፊልሙ ብዙ ሰው በአንድ ክንድ ሲዘርር እያየ ብረቱ ብሎ ክርስትና አነሣው። የፊልሙ ገንዘብ አብዛኛው ወደ እሱ ኪስ ገባ፤ የቀረው ወደ እሱ ሆቴልና ወደ እሱ እንቁላል ሄደ። ቁርሱን ያዩ የሐይቁ ዳር አስተናጋጆች «ሰውዬው ሊተውን ነው የመጣው ወይስ ሊፈለፍል?» ይባባሉ ነበር። ስለዚህ በሊድያ ጽሑፍ ላይ ሠራዊት የሚያህሉት ተወዳዳሪዎች ስድስት ብቻ ሆነው ቀሩ። ስድስቱ በካሜራው ፊት ያልፋሉ፤ በቆመ አይሱዙ ጀርባ ዞረው ኮፍያ ይቀያይሩና እንደገና ያልፋሉ።

ትልቁ ጉድ ግን ብረቱ ብስክሌት መንዳት አለመቻሉ ነው። ያውም በባሕር ዳር! ሕፃን ከመራመዱ በፊት ፔዳል በሚረግጥበት ከተማ! ሐይቁ ዳር ሁለት ሰው በግራ በቀኝ ደግፎ ሲያለማምደው ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን አቁመው ያዩት ነበር። አንዱማ «አይዞህ ወንድሜ፣ በዚህ በኩል ብትወድቅ ውኃ ነው!» ብሎ ጮኸለት። በመጨረሻ ብስክሌቱን የጭነት መኪና ላይ አስረው፣ ብረቱን ላዩ ላይ አስቀምጠው፣ ፊቱን ብቻ አነሡት። ጀርባ ሲያስፈልግ ግን መንዳት የሚችል ጀርባ ጠፋ።

«ጋሽ አዘዘ» አለች ሊድያ እያፈረች፣ «ጀርባዎን ቢያውሱን?»

ጎማ ለጣፊው ማልያ ለበሰ። ሚስቱ ሳቅና ቁጣ እየተናነቃት «በስተርጅና!» አለች። መስዑድ በበኩሉ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «ከኋላ የሃያ ዓመት ልጅ ነህ፤ ፊትህን እንዳታዞር ብቻ» አለው።

አወዳደቁን ያነሡት ዱርቤቴ መንገድ ላይ ነው። እንዴት እንደሚወድቅ ሊያሳዩት ሲጀምሩ አዘዘ «አውቀዋለሁ» አለ። ነዳ። አህያዋ ወጣች። መሪውን ጠመዘዘ፤ ወደቀ። ክርኑ ተላጠ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ካሜራውን አላዩትምና «ኧረ የሰው ልጅ! ኧረ በማርያም!» እያሉ እየሮጡ ደረሱ። ካሜራውን የያዘው ልጅ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ሊድያ «በቃ፣ አለቀ» ብትልም አዘዘ አልተነሣም። ጉንጩን አስፋልቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ጋሽ አዘዘ፣ ተጎዱ እንዴ? ጨርሰናል እኮ።»

«ቆዩኝ» አላቸው። «ትንሽ ቆዩኝ።»

ከዚያ ሆኖ የሚታየው የአህያዋ እግርና የሰው ጫማ ነበር። ሀዲስም መጨረሻ ያየው ይህንኑ መሆን አለበት። አዘዘ እሱን ሲያስብ ቆየና ተነሣ፤ ከዱርቤቴ ሲመለሱ ቤቱ ሳይገባ፣ አቧራውንም ሳያራግፍ ሰባታሚት ሄደ።

«እማሆይ፣ ሲወድቅ ሊያዩት ነው» አላቸው።

እማሆይ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ «ፊቱም አለ?» አሉ።

«ፊቱ የሌላ ሰው ነው። አወዳደቁ ግን የራሱ ነው። እኔ ነኝ የወደቅሁለት።»

«ሲሞትስ ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«ታቅፎ?»

«ታቅፎ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ እርሜን አወጣለሁ» አሉ። «ለእድሩ ንገርልኝ።»

ፊልም ሲመጣ ለወዳጅ ይነገራል፤ ይህኛው ለእድር ተነገረ። የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ እናትዓለም ናት፤ በሙሾ አውራጅነቷ እሷ ያላስለቀሰችለት ሟች ሞቷል አይባልም። ሴቶቹ ተሰብስበው መከሩ። ሲኒማ ውስጥ ይለቀሳል ወይ?

«ድንኳኑን የት ልንተክል ነው?» አለች አንዷ።

«አዳራሽ እኮ ነው፤ ጣራ አለው።»

«ወንበርስ?»

«ወንበሩ ወለሉ ላይ ተቸክሎ ነው ያለው፤ ማንም አያነሣውም።»

«እሰይ! እንግዲያ ከእኛ ድንኳን በስንት ጣዕሙ!»

ንፍሮ እንዲቀቀል ተወሰነ። እናትዓለምም እስከዚያ ቀን ድረስ ወጥ እያማሰለች ሙሾ ስትገጥም ከረመች። ጎረቤቶቿ እንደሚሉት ወጡ በየቀኑ አረረ፤ ሙሾው ግን እየጣመ ሄደ።

«ነድቶ የማይደክመው፣ ጎማው የማይተነፍስ፣
ምን ያዘው ከመንገድ፣ እናቱ ሳትደርስ?»

ይህችን የሰማ ሁሉ ፊልሙን ሳያይ አነባ።

ቀኑ ደረሰ። ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ በር ላይ የብረቱ ፎቶ ያለበት ካናቴራ የለበሰ ወጣት ይጋፋል። በዚያ መሐል የሰባታሚት እድር ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እማሆይን ከፊት አድርገው ቀስ እያሉ መጡ። ወጣቱ ሳይታዘዝ መንገድ ለቀቀ። በረኛው ግራ ገባው።

«እናቶቼ፣ ለቅሶ ቤቱ እዚህ አይደለም፤ ተሳስታችኋል።»

«አልተሳሳትንም» አለች እናትዓለም። «ዛሬ እዚህ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«ገብተህ ታያለህ።»

ተቀመጡ። ንፍሮው ከከረጢቱ ሲሸት ከኋላ የተቀመጡ ጎረምሶች «ፈንዲሻ ነው እማማ?» አሉ። «ንፍሮ ነው ልጄ፣ እንካ» ተባሉ። ከነሱ ጎን መስዑድ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም እጁን ዘረጋ።

ሊድያ ከመድረኩ አጠገብ ሆና ጥቁር የለበሰውን ረድፍ አየችና እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሽ አዘዘ… እነዚህ ሁሉ…»

«እድራችን ናቸው። እማሆይ ደግሞ እናቱ ናቸው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእማሆይን ጉልበት ሳመች። ቀና ብላ ወደ አዘዘ ዞረች። «ጋሽ አዘዘ፣ መጨረሻው ላይ… እኔ ተሟግቻለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል…» ይህን እያለች ብረቱ በበሩ ገባ፤ አዳራሹ በፉጨት ተናጋ፤ ሰዎች እጇን ይዘው ወሰዷት። አዘዘ፣ ስለ ስድስቱ ብስክሌተኞች አፍራ ይሆናል ብሎ አሰበ። መብራቱ ጠፋ።

የመጀመሪያው ሰው የተደበደበው ገና የሠሪዎቹ ስም ተጽፎ ሳያልቅ ነው። ለእማሆይ ዓይን ሸራው የብርሃንና የጥላ ግርግር ነበር።

«አሁን ምን እየሆነ ነው?»

«ሰው እየመታ ነው፣ እማሆይ።»

«ማን?»

«ሀዲስ።»

«ሀዲስ እኮ ሰው መትቶ አያውቅም።»

«ፊልም ነው፤ እንዲህ ያደርጋሉ።»

«እሺ» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ደረሰ?»

«ገና ነው።»

በሸራው ላይ ወንበዴዎች የቡድኑን ዋንጫ ሰረቁ። ብረቱ ካቴና ነቅሎ ገረፋቸው። ካቴና የተነቀለባት ብስክሌት ግን እንደገና ስትሄድ ታየች፤ እንግዲህ የባሕር ዳር ሰው ይህን ዝም ብሎ አያይም። «በጸሎት ነው የምትነዳው!» አለ አንዱ። «ያ ቀይ ኮፍያ ለአራተኛ ጊዜ አለፈ፤ ውኃ ስጡት!» አለ ሌላው። ሊያደንቁ የመጡት ወጣቶች ሳይቀሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ጀመር። ከሳቁ መሐል የእማሆይ ድምፅ፣ «ደረሰ?» ይላል። አዘዘ «ገና ነው» ይላል።

ከዚያ የዱርቤቴ መንገድ መጣ። አዘዘ የራሱን ጀርባ አየ። አዳራሹም ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ያ ጀርባ የምሩን ነበርና የሚነዳው፣ ቀልደኛው ሁሉ አፉን ዘጋ።

«እማሆይ» አለ አዘዘ እጃቸውን ይዞ፣ «ደረሰ።»

ሴቶቹ ወደ ፊት አዘነበሉ። እናትዓለም አየሩን እስከ ሆዷ ድረስ ሳበች። አህያዋ ከመንገዱ ዳር ወጣች።

የብረቱ ፊት ሸራውን ሞላው። ቅንድቡን ሰበሰበ። ሙዚቃ ተንጎራጎረ። ከዚያ ሰውዬው ከነብስክሌቱ ወደ ሰማይ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ በአህያዋ ላይ አለፈ። ያንጠለጠለው ገመድ ጥላ አስፋልቱ ላይ ይታያል። አህያዋ ቀና ብላ አየችው። በዚያኛው በኩል አረፈና ነዳ። አዳራሹ በሳቅ ወደቀ። «አህያዋን ሸልሟት፤ የተወነችው እሷ ናት!» ብሎ የጮኸም አለ። እናትዓለም የሳበችው ትንፋሽ የሚወጣበት ጠፍቶ ሳል ሆነባት።

የቀረው ዋንጫ፣ ሠርግና ሐይቁ ዳር ጭፈራ ነበር። መብራቱ በራ።

«ዓይኔን ጋረደኝ» አሉ እማሆይ። «መቼ ነው የሞተው?»

አዘዘ ግራ ቀኙን ቢያይ፣ ሴቶቹ ሁሉ እሱኑ ያያሉ።

«አልሞተም፣ እማሆይ።»

«እ?»

«ዘለላት። አልሞተም።»

ሊድያ ሰው እየገፋች ደረሰች። «ቆረጡት» አለች። «የእርስዎን አወዳደቅ ቆረጡት፣ ጋሽ አዘዘ። ብረቱ በፊልም አልሞትም ብሎ፣ ተመልካቼ ይቀየመኛል ብሎ…» አዘዘ አልተቆጣትም። ቁጣ ያለው ሰው ወሬ ያለው ሰው ነው።

ብረቱ እየሳቀ፣ ፎቶ እየተነሣ መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሥራው ነው። ጥቁር የለበሱትን እናቶች ሲያይ አክብረውት የመጡ መሰለውና ወደ እማሆይ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ እንዴት ነበር? አስደነገጥኳችሁ አይደል?»

እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱት፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ።

«ሀዲስን የሆንኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አልሞትህም?»

«ብረቱ አይሞትም!» አለ፤ ከኋላው ያሉት ወጣቶችም «አይሞትም!» ብለው ተቀበሉት።

«እናት አለችህ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። «አለች። አዲስ አበባ ናት።»

«ደውልላት» አሉት። «እንኳን አልሞትህ ልጄ።» በመስቀል ምልክት አማተቡበትና መቋሚያቸውን ፈልገው ተነሡ።

ብረቱ ቆሞ ቀረ። ማን እንደሆኑ ሊድያን ጠየቃት፤ ነገረችው። በዚያ ምሽት እራት አልበላም የሚሉ አሉ። አስተናጋጆቹ ግን በልቷል ይላሉ።

ደጁ ላይ እናትዓለም ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«አያ አዘዘ፣ እንግዲህ ሙሾውን ታቅፈን እንግባ? እዚሁ እናውርደው እንጂ! ሰው ባይሰማ ሐይቁ ይስማን!»

ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ከበቡ። አንዷ ደረቷን መምታት ጀመረች። እማሆይ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ተዉ።»

«እማሆይ፣ እርምዎን…»

«ያ ልጅ በሀዲስ ስም ቆሞ ሲስቅ በእጄ ዳስሼዋለሁ። በቆመ ሰው ላይ አይለቀስም፤ ሟርት ነው። እናት አለችው።»

ወጉ ወግ ነው፤ የሚከራከራቸው አልተገኘም። ከእናትዓለም ጀምሮ ሴቶቹ አንድ በአንድ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አውርደው፣ አዙረው፣ እንደ ማንኛውም ቀን ለበሱት። መስዑድ ብስክሌቱን ይዞ ዳር ቆሞ ነበር። ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው ሰው ያን ጊዜ አንዲትም አላገኘም።

አዘዘና እማሆይ በባጃጅ ወደ ሰባታሚት ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አዘዘ ቃል ሲያሰናዳ ነበር።

«እማሆይ፣ እኔ ልንገርዎት» አለ። «አጠገቡ ነበርሁ። ከአህያዋ ጀምሬ ሁሉንም…»

እጃቸውን እጁ ላይ አደረጉ። «ሌላ ቀን» አሉ። «ዛሬን ድኖ ይደር።»

ፊልሙ ብዙ አልቆየም። ገንዘቡን ያወጣው ሰው ከሰረ ተባለ፤ ብረቱ ግን ድርሻውን አስቀድሞ ወስዶ ስለነበር ወደ ሌላ ፊልም ሄደ። ለባሕር ዳር የቀረላት ቀልዱ ነው። ልጆች በብስክሌት ጉድጓድ ሲዘሉ «ብረቱ አይሞትም!» ይላሉ፤ በአዘዘ ጃንጥላ አጠገብ ሲያልፉም ይሉታል። ከተማው በሙሉ ሀዲስን ድኖ አይቶታል። አዘዘ አንገቱን ደፍቶ አረፋ ይጠብቃል። ፊልሙ በታየበት ሳምንት ከባልዲው በላይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ መስዑድ አይቶታል። ለእማሆይ የሚነግራቸውን እያጠና ነበር፤ አህያዋን፣ አወዳደቁን፣ በክንዱ ላይ የከበደውን ራስ፣ ሀዲስ መጨረሻ ያለውን።

ሰንበት ሲደርስ ሄደ። ስለ ዝናብ ጠየቁት፤ መለሰ። ስለ ሚስቱ ጠየቁት፤ ደህና ናት አለ።

«እማሆይ፣ ያን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ንገረኝ» አሉ፤ ወደ እሱ ዞረው ተቀመጡ። ያ የደረቀ ጭቃ ይመስል የነበረ ፊታቸው ላልቷል፤ መንገድ የሄደ ሰው እንደምትጠብቅ ሴት በሩን አየት አደረጉ። «አህያዋን እንዴት አድርጎ ነው የዘለላት?»

አዘዘ እሳቸው ወዳዩት በር አየ። ያጠናው ሁሉ ደረቱ ላይ ቆመ።

«ከሩቅ ነው ያያት» አለ በመጨረሻ። «መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና… ከነብስክሌቱ ተነሣ።»

«ከፍ ብሎ?»

«ከፍ ብሎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አረፈና ነዳው። ወደ ከተማ።»

«አንተስ የት ነበርህ?»

«እኔ ከኋላው ነበርሁ፣ እማሆይ።»

«እህ» አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስቲ እንደገና ንገረኝ።»

አዘዘ ከመጀመሪያው ጀመረ። የእማሆይ ዓይን ደክሟልና ፊቱን አላዩትም። እሱም እንባው አገጩ ድረስ እየወረደ፣ ድምፁ ብቻ እንዳይሰበር ተጠንቅቆ፣ ሀዲስን እንደገና አህያዋን አዘለለው።